የ3ኛ «ለ» ወላጆች፦ የቅዳሜው ሙዚየም ጉብኝት

ሰላም ወላጆች፣ የፊታችን ቅዳሜ ልጆቻችን አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ይጎበኛሉ። ስለዚህ ፈቃዳችሁን እንፈልጋለን።

ዓመቱን አደይ አበባ ስለው ጀመሩ። ከዚያ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ባቄላ አበቀሉ (የእኛው እስካሁን መስኮት ላይ ነው፣ መጣል ተከልክያለሁ)። አሁን ድንቅነሽ ላይ ደርሰዋል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን ተምረዋል። ለጎብኚ የሚታየው ግን የአጽሟ ቅጂ ነው። እዚያ ሄደው ቅር እንዳይላቸው ከወዲሁ ንገሯቸው።

ጠዋት 2፡00 ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኝ። አውቶቡሱ 2፡30 ይነሳል፤ የዘገየ አይጠበቅም። 6፡30 እንመለሳለን። ዩኒፎርም ይልበሱ። ምሳ ዕቃ፣ ውሃ፣ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ስልክ አይፈቀድም። መኪና የሚያቅለሸልሸው ልጅ ካለ ለመምህርቷ ቀድማችሁ ንገሩ።

ከመምህርቷ ጋር አብረው የሚሄዱ ሦስት ወላጆች ያስፈልጋሉ። ባለፈው እናቶች ብቻ ነበሩ፤ አባቶች፣ እስቲ ብቅ በሉ።

እስከ ረቡዕ ማታ የልጃችሁን ስም ጽፋችሁ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» በሉን። ላይክ ብቻ አንቆጥርም።