ቁንጭርን ማን ይመርምርልን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ከቆረጠ ወዲህ ስለ መድኃኒት እጥረት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሕክምና ምርምር ገንዘብ ግን እምብዛም ሲነሳ አላይም። በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የሚመራ የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ሊጀመር ሲል ቆመ። ምርምሩ ከሽፎ አይደለም። ከፋዩ እጁን ስላነሳ ነው።

እኔ ደቡብ ጎንደር የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። የምጽፈው እዚህ ደጋው ላይ ስለምናየው ቁንጭር ስለሚባለው የቆዳ በሽታ ነው።

በሽታውን ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስለዚህ ገደል ሥር ያሉ መንደሮች አብዝተው ይጠቃሉ። ቁስሉ የሚወጣው በአብዛኛው ፊት ላይ ነው፤ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር። ብዙዎቹ ታማሚዎች ልጆችና ወጣቶች ናቸው። አይገድልም፤ ግን ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ታፍራለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትመጣለች። ሰው መጀመሪያ ጠበልና የባህል መድኃኒት ይሞክራል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎታል።

ደርሶስ ምን እንሰጠዋለን? ወደ ጎንደር ወይም ደሴ ቦሩ ሜዳ እንልከዋለን። እዚያም በአብዛኛው ያለው ቁስሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም ያ የድሮው የአንቲሞኒ መርፌ ነው። መርፌው በጣም ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳም ይችላል። ለየትኛው ታማሚ የትኛው ሕክምና ይሻላል ቢባል፣ በብዙ ሰው ላይ አስተያይቶ ቁርጡን የሚነግረን ሙከራ የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚህ ቁንጭር የሚያመጣው ተሕዋስ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ደጋ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ለመድኃኒት ፋብሪካ ገበያ የለውም። አይገድልምና የለጋሾችን ዓይን አይስብም። እኛ ካልከፈልን ማን ይከፍላል?

ችሎታው የለንም እንዳይባል ካላዛርን እንይ። ተሕዋሱ የቁንጭር የቅርብ ዘመድ ነው፤ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የሚገድል። ኤችአይቪም ካላዛርም ባለባቸው ሰዎች ላይ ጎንደርና አብዱራፊ ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሙከራ ተደረገ። አንዱ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ 55 በመቶ፣ ከሌላ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ደግሞ 88 በመቶ የሚሆኑትን አዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህና ሕንድ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ተመርኩዞ የሕክምና መመሪያውን ለወጠ። ሙከራውን በሥራ ላይ ያዋሉት የእኛው ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን ሳስብ እኮራለሁ። ያ ገንዘብ ባይመጣ ኖሮ ግን ዛሬም በአንዱ መድኃኒት ብቻ እያከምን እንቀጥል ነበር።

የወባ መድኃኒት ባለቀበት ጊዜ ስለ ምርምር ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ባልተፈተሸ ሕክምና ታማሚን ከሆስፒታል ሆስፒታል ማመላለስም ያስከፍላል፤ ያውም ከድሃው ገበሬ ኪስ። የምለው ደግሞ አዲስ ክትባት ከባዶ እንፍጠር አይደለም። በእጃችን ያሉትን ሕክምናዎች እናወዳድር ነው። ታማሚው አለ፣ ጎንደር ላይ የምርምርና የሕክምና ማዕከሉ አለ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አለርት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚሠራው አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አለ። የጎደለው ለጋሽ ቢመጣም ባይመጣም በየዓመቱ የማይቋረጥ የመንግሥት በጀት ነው።

የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ከተስማሙ ወደ 20 ዓመት ሆኗል። እናንተ ጋዜጠኞች ጤና ሚኒስቴርን ጠይቁልን፦ ዘንድሮ ከመንግሥት ካዝና ለሕክምና ሙከራ የተመደበው ስንት ብር ነው? ከዚያ ውስጥ ለቁንጭር የሚውለውስ? መልሱን አትሙልን።

የጤና መኮንን፣ ከደቡብ ጎንደር