ስለ ፋይ ቤታ ካፓ ለጠየቃችሁ ወላጆች

ሰላም ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ለልጆቻችሁ የክብር ማኅበር (በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎችን የሚመርጥ ማኅበር) ግብዣ እየመጣ «እውነት ነው ወይስ ሌብነት?» የምትሉ በዝታችኋል። ደብዳቤው ከፋይ ቤታ ካፓ ከሆነ እንኳን ደስ አላችሁ! በአሜሪካ ካሉት የኮሌጅ የክብር ማኅበራት አንጋፋው እሱ ነው።

ዲሴምበር 5 ቀን 1776 ቨርጂኒያ ውስጥ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተማሪዎች መሠረቱት። ያኔ ምስጢራዊ ነበር፤ የራሱ የእጅ አጨባበጥ ሳይቀር ነበረው። ልጆቹ ተሰብስበው ይከራከሩ ነበር። በ1781 የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወደ ኮሌጁ ሲቃረብ እዚያ ያለው ቅርንጫፍ ተዘጋ። ደግነቱ ቀደም ብሎ ለዬልና ለሃርቫርድ ቅርንጫፍ እንዲከፍቱ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ የተረፈውም በእነሱ ነው። ምስጢሩን ሃርቫርድ በ1831 ተወው። ሴቶች የገቡት በ1875 በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያው በባርነት የተወለደው ጥቁር ተማሪ ጆርጅ ዋሽንግተን ሄንደርሰን በ1877 ተመረጠ። የእኛ ልጆች የሚማሩበት፣ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነው ሃዋርድ ግን ቅርንጫፍ ያገኘው በ1953 ነው። ዘገየ ቢባል አያንስም?

አባል ለመሆን ማመልከቻ የለም። በየኮሌጁ ያሉ አባል መምህራን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በተለይ የሰብአዊ ጥናቶች፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን። የየቅርንጫፉ ተወካዮች በየሦስት ዓመቱ ይሰበሰባሉ። ምልክቱ ትንሽ የወርቅ ቁልፍ ነው፤ የምትጠቁም ጣትና ሦስት ኮከቦች አሉበት።

የመግቢያ ክፍያ አንዴ ነው፤ ልክ ግን እንደየኮሌጁ ይለያያል። ስሙን የማታውቁት ማኅበር ገንዘብ ከጠየቀ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ኮሌጁን በስልክ አጣሩ።