የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ፦ የንጉሡ ግድግዳና የአያት በርጩማ

የሥነ ጥበብ ክበባችን አባላት ዘንድሮ ከጅማ ሳይወጡ አንድ ሙዚየም ሲጎበኙ ከረሙ። ሙዚየሙ ሁድ ይባላል፤ የአሜሪካው የዳርትመዝ ኮሌጅ ንብረት ነው። ኮሌጁ መሰብሰብ የጀመረው በ1772 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ ከ65,000 በላይ ዕቃዎች አሉት። ስብስቡን ማንም ሰው በድረ ገጹ ገብቶ ማየት ይችላል። ማንም ሰው ስል መብራት ያልጠፋበትን ማለቴ ነው። የእኛ ቀጠሮ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ በሚመጣበት ሰዓት ስለነበር ምስሎቹን ከዋዜማው አውርጄ መያዝ ለመድኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላስደሰቱኝም። ልጆቹ ምስሎቹን በጣት እየገፉ ያልፋሉ፤ መቶ ሥዕል አይተው አንዱንም አያስታውሱም። ስለዚህ በአንድ ቀጠሮ አንድ ዕቃ ብቻ እንዲታይ፣ ከሥሩ የተጻፈውም ሳይነበብ እንዳይታለፍ ደነገግኩ። ማጉረምረም ነበር።

ከዚያ የአሦር የድንጋይ ቅርጾች ላይ ደረስንና ሦስት ሳምንት እዚያው ቀረን። ስድስቱ ድንጋዮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ883 እስከ 859 የነገሠው ዳግማዊ አሹርናሲርፓል፣ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ባለችው ኒምሩድ ካሠራው ቤተ መንግሥት የመጡ ናቸው። በምስሎቹ ወገብ ላይ ረድፍ ረድፍ ጽሑፍ ያልፋል። የንጉሡን ማዕረግና ድል የሚዘረዝረው ይኸው ጽሑፍ በቤተ መንግሥቱ ከድንጋይ ድንጋይ ይደጋገማል። «አንዴ መጻፍ አይበቃውም ነበር?» አለ አንዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪ።

በኮምፒውተሩ ላይ ንጉሡ ከመዳፍ አይበልጥም። ከሥሩ የተጻፈው ግን ከሁለት ሜትር በላይ ይለዋል። ሜትርና ጠመኔ ይዘን ወጣንና በክፍሉ የውጭ ግድግዳ ላይ በልኩ ሳልነው። የራስ መሸፈኛውን ለመጨረስ ረጅሙ ልጃችን አግዳሚ ወንበር ላይ መቆም ነበረበት። ከዚያ በኋላ ማንም ልኬቱን ሳያነብ አላለፈም፤ ሥዕሉን ያጠበው ግን ዝናቡ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ስለ አመጣጡ ስናነብ ነው። ድንጋዮቹን ያስላካቸው በዚያ ቀጠና ያገለግል የነበረ ሚስዮናዊ፣ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪ ነው። ክብደታቸው እንዲቀንስ ከጀርባቸው ተጠርበው፣ ተቆራርጠው፣ በግመል እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከተጓዙ በኋላ በመርከብ ተሻግረው በ1856 እ.ኤ.አ. ኮሌጁ ደረሱ። ግማሹ ክበብ «ይመለሱ!» አለ። ሌላው ግማሽ በ2015 እ.ኤ.አ. አይ ኤስ የተባለው ታጣቂ ቡድን ቤተ መንግሥቱን በፈንጂ ማፍረሱን አንሥቶ «እዚያ ቢሆኑ ኖሮስ?» ሲል መለሰ። «የተረፈውም ቢሆን ተቆራርጦ ነው» አለች አንዲት ዝምተኛ ልጅ፤ ከእሷ በኋላ ብዙ የተናገረ አልነበረም። እኔም ዳኝነት አልሰጠሁም፤ እስከ ዛሬም ልቤ ለሁለት እንደተከፈለ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘን፤ የእንጨት ሥራው ላይ ብዙ ንድፍ ተሠርቷል። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ከቤቱ አንድ ዕቃ አምጥቶ እንደ ሙዚየሙ መለያ ካርድ እንዲጽፍለት አዘዝኩ፦ ምንነቱ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኬቱ፣ እንዴት እንደመጣ። ካርዱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነበር። በርጩማ በሁለቱም ቋንቋ ያው በርጩማ በመሆኑ፣ ያን ካርድ የጻፈችው ልጅ ግማሹን ድካም ተገላገለች።

ያ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ ሥራ ነው። መቀመጫው ከመለስለሱ የተነሣ ያበራል፤ አንዱ እግሩ ደግሞ ወደ እሳት ሲጠጋ የኖረ ይመስላል፣ ጠቁሯል። ልጅቷ «2017.1» የሚል ቁጥር ሰጠችው፤ «እንዴት እንደመጣ» በሚለው ቦታ ላይም «ከአያቴ በውሰት» ብላ ጻፈች።

ዐውደ ርእዩ አምስት ቀን እንዲቆይ ታስቦ ነበር። በሦስተኛው ቀን አያትየው በር ላይ ደረሱ። ካርዱን አስነብበው ሰሙ፣ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር መጻፉ ትንሽ አሳቃቸው፤ ከዚያም «በሉ እንግዲህ፣ ቡናዬን ቆሜ አላፈላም» ብለው በርጩማቸውን ይዘው ሄዱ። በጠረጴዛው ላይ የቀረው ካርዱ ነው፤ ልጅቷም ከሥሩ «ለባለቤቱ ተመልሷል» የሚል መስመር ጨመረችበት።