የአማተር ሬዲዮ ክበብ፦ ሽቦ ስንቀብር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ የሬዲዮ ክበባችን ልጆች ከማይክሮፎን ይልቅ አካፋ ይዘው ነው የከረሙት። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ሲቆፍሩ ያያችኋቸው ሁሉ “ምን ልትተክሉ ነው?” ብላችኋቸዋል። መልሱ ይኸውላችሁ።

ዓመቱ ሲጀመር ልጆቹ አጭር ሞገዱን ለምደውት ነበርና ወደ ታች፣ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ እንውረድ አሉ። ወደ 630 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 630 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሬዲዮ መስመር) ማለት ነው። ከ472 እስከ 479 ኪሎ ኸርዝ ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ከሚጀምሩበት ትንሽ ዝቅ ይላል። ለአማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ለሚሠሩ ሰዎች፣ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ነው። ማሰራጨቱን በእኔ ፈቃድና ክትትል እንደሚሠሩ ተስማማን።

ፈተናው አንቴናው ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ደህና አንቴና የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ቁመት ይፈልጋል። እዚህ ባንድ ላይ ሩቡ 158 ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኛ ምሰሶ 15 ሜትር ነው! ስለዚህ ከጫፉ ግራና ቀኝ 20፣ 20 ሜትር ሽቦ ዘረጋንለት። ከላይ ሽቦ ሲጨመር ምሰሶው አይረዝምም፤ ግን ኤሌክትሪኩ እስከ ጫፍ ድረስ በደንብ እንዲፈስ ያደርጋል።

አጭር አንቴና እንደ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው እንደሚያከማች ዕቃ) ነው የሚሆነው። ያንን ለማካካስ ኮይል፣ ማለትም የተጠቀለለ ሽቦ፣ ያስፈልጋል። ሦስት ተማሪዎች ሽፋን ያለው የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ ባልዲ ላይ 36 ዙር ጠቀለሉ። አንዷ ባልዲውን ታዞራለች፣ አንዱ ሽቦውን ወጥሮ ይይዛል፣ ሦስተኛው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። 22 ላይ ሽቦው ላላና እንደገና ጀመሩ። ሲያልቅ 390 ማይክሮ ሄንሪ (የኮይል መለኪያ ነው) ገደማ ሆነ፤ አስልተን ያገኘነውም ይህንኑ ነበር። በዚያ ቀን የነበረው ደስታ ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነው።

ከዚያ ግን የአንቴናውን ጠቅላላ ተቃውሞ ለካን፤ 80 ኦም። የአንቴናው የራሱ የጨረር ተቃውሞ፣ ማለትም ወደ አየር የሚወጣውን ኃይል የሚወክለው ድርሻ፣ 1 ኦም እንኳ አይሞላም። የቀረው በሙሉ ብክነት ነው፤ በኮይሉም ያልፋል፣ አብዛኛው ግን አፈር ውስጥ ይቀራል። ከማሰራጫው የሚወጣው ኃይል መሬት ሲያሞቅ ይውላል ማለት ነው። የነበረን ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) አንድ የተቀበረ ዘንግ ብቻ ነበር።

አካፋው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከምሰሶው ሥር በየአቅጣጫው 20 ሜትር የሚረዝሙ ሽቦዎች ስስ አፈር አልብሰን ቀበርን። በአራት ሽቦ 80 ኦም የነበረው 55 ሆነ። በስምንቱ 43፣ በአሥራ ስድስቱ 31። መጀመሪያ ላይ በአንዴ ይወርድና ኋላ ላይ እያነሰ ይሄዳል። ግራፉን የሠራችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እዩላት።

12 ዋት ስንሰጠው ወደ አየር የሚወጣው ሩብ ዋት ገደማ ነው። ኮይሉ ላይ ግን ከ700 ቮልት በላይ ይገኛል። አጥር ያጠርነው፣ “አትንኩ” ብለን የጻፍነውም ለዚህ ነው።

መስማቱም የራሱ ጣጣ አለው። መቀበያው በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ልጆቹ ትንሽ ሬዲዮ ይዘው፣ መካከለኛ ሞገዱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው፣ ክፍል ለክፍል ዞሩ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጩኸቱ ጨመረ። ጥፋቱ የአንድ ስልክ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። ሲነቀል ፀጥ አለ። ለመስማት ብቻ የሚሆን፣ እየዞረ ጩኸቱን የሚሸሽ የክብ ሽቦ አንቴናም ሠራን።

ቀን ቀን ከላይ ያለው፣ ዲ የሚባለው የአየር ንብርብር ሞገዱን ስለሚውጠው ሩቅ መሄድ ዘበት ነው። ማታ ግን ንብርብሩ ይጠፋል። እኛም ማታ ማታ ዊስፐር በሚባለው ዘዴ ላክን። ዘዴውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው ጆ ቴይለር ነው። የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ስም)፣ ቦታና የኃይል መጠን ብቻ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይላካል። ጆሮ የማይሰማውን ኮምፒውተሩ ለቅሞ ያወጣዋል።

ለስድስት ምሽት ማንም አልሰማንም። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንቴናው ከማስተካከያው ይወጣል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በትዕግሥት ጠበቁልን፣ እናመሰግናለን። በሰባተኛው ምሽት አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣ። 1,900 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጣቢያ ሰምቶናል። ባልዲውን ስታዞር የነበረችው ልጅ መስመሩን ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው።

ለከርሞ ወደ 137 ኪሎ ኸርዝ እንወርዳለን። በዚሁ ምሰሶ ላይ ኮይሉ የአሁኑን 12 እጥፍ ሊሆን ነው። ልጆቹ ከአሁኑ በርሜል እየፈለጉ ነው፤ ቤቱ የማይፈልገው ፕላስቲክ በርሜል ያለው ሰው ካለ ቤተ ሙከራው ድረስ ያምጣልን።