ለኢንዶስኮፒ ክፍሉ ባልደረቦች፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው በእናቴ፣ በወንድሞቼና በእህቶቼ ስም ነው። እማ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ተደርጎላት በሰላም ቤቷ ገብታለች። ስማችሁን አደባባይ ላይ ማውጣት ስላልፈለጋችሁ አልጠራችሁም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ካሜራውን የያዘውን ሐኪም ነው። ይገባዋልም። እኔ ግን ቀድሜ የማመሰግነው ራስጌዋ ቆሞ የነበረውን የሰመመን ባለሙያ ነው። ሥራው አንድ ነበር፦ የእማን ትንፋሽ መጠበቅ።

እማ ሞላ ያለች ሴት ናት። ሌሊት ስታንኮራፋ ጎረቤት ይሰማል። (ይህን መጻፌን ከሰማች ጉዴ ፈላ!) ባለሙያው ከሁሉ በፊት የጠየቀን ይህንኑ ነው። «ያንኮራፋሉ? ተኝተው ሳለ ትንፋሽ ቁርጥ ይልባቸዋል?» ማደንዘዣው ሲገባ ምላስና ጉሮሮ ይላላል፣ አተነፋፈስም ይዘገያል። የሚያንኮራፋ ሰው ደግሞ የትንፋሽ መንገዱ ቶሎ ይዘጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ስለሆነች አየሩም ሳሳ ያለ ነው።

ምግብ ከተበላ ቢያንስ 6 ሰዓት ማለፍ አለበት ተብለን ነበር፤ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ጾሙ ለእማ ምኗም አይደለ። የጠዋት ቡናዋን መከልከሏ ነው ያንገበገባት።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ያመጣችው ነርስ የእማን እንሶስላ የሞቀ ጥፍር አየችና በጆሮ በሚደረገው ቀየረችው። የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ይችላል አለችን። በአፍንጫዋ ኦክስጅን የጀመሩላትም ማደንዘዣው ሳይሰጣት ነው።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። ማሽኑ ጢት ጢት ይላል። መሃል ላይ ድምፁ እየወፈረ መጣ። ነገሩ አልገባኝም። በኋላ ስጠይቀው ባለሙያው ሳይደብቅ ነገረኝ። ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁም ይወፍራል፤ የእማ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ሐኪሙን «አንዴ ቆም በል» አለው። አገጯን ቀና፣ መንጋጋዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገ፣ ኦክስጅኑን ጨመረ። ወዲያው ድምፁ ቀጠነ። እሱ ግን ከማሽኑ ቀድሞ የደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት ቀጥ ማለቱን አይቶ ኖሯል። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው ትንፋሹ ቢቆም እንኳ ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም፤ «ማሽኑ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» አለኝ። ሐኪሙም «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልጨርስ» አላለም። እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። እሱን የማመሰግነው በተለይ ለዚህ ነው።

የተገኘው የጨጓራ ቁስለት ነው፤ መድኃኒት ጀምራለች።

ነርሷንም አልረሳሁም። አጎቴ «ነቅታለች እኮ፣ እንሂድ» እያለ ሲቁነጠነጥ፣ እማ በደንብ እስክትነቃ መለኪያውን አላወልቅም ብላ ሁላችንንም አስቀመጠችን። ሒሳብ አልቀበልም ያልከው ባለ ባጃጅ የሰፈራችን ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የእድራችን ሰዎችም ብድራችሁን በደስታ ይመልሰው።

ለቀጠሮ ስንመጣ እማ ድፎ ዳቦ ይዛ ነው የምትመጣው። እዚያ ክፍል ምግብ አይገባም ብንላት አልሰማችም። እባካችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተቀበሏት።