ስለ እናታችን ከልጆቿ የቀረበ ምስጋና

እናታችን ካረፈች እነሆ አርባዋም ወጣ። ለቅሶ ላይ እያንዳንዳችሁን አመስግነን ስለማንጨርስ በጽሑፍ ይሁን አልን።

ደብረ ብርሃን ያከማችኋት ሐኪሞችና ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በተለይ አንቺ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ። እማዬ «ይሄ መጋረጃ ብርሃን ይበላል» እያለች ስትነዘንዝሽ፣ ሳትሰለቺ አንዴ ስትከፍቺ አንዴ ስትዘጊ አድረሻል። አልጋ ላይ ሆናም ቤት የማሳመር ሥራዋን አልተወችም።

መንዝ ቅበሩኝ ብላ ነበርና ጣርማ በር ደርሰን ወደ መሐል ሜዳ ታጠፍን። ጉሙ አይን ይወጋል። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፣ ጊዜውም እንደምታውቁት። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሞላሌ ድረስ መጥታችሁ አብራችሁን ቆማችኋል። ብድራችሁን በደስታ ያድርግልን።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ስለ አያታችን ሲያወራ ሰማን። እውነት ነው፣ በንጉሡ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ቤታቸውም ሹም የማይጠፋበት ቤት ነበር። ለእሷ ግን ከዚያ ስም የደረሳት ጣጣው ነው። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ አያታችን ታሰሩ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ሕጉ አንድ መኖሪያ ይተዋል፤ ለታሰረ ሰው ቤተሰብ ግን ማን ይከራከራል? እነ እማዬ ባደጉበት ግቢ፣ ጓዳ በነበረችው ክፍል ተከራይተው ኖሩ።

ሙያዋን የጀመረችው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ገመድ ወጥራ ባና፣ ያንን ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሰቀለችበት። በወዲያ በኩል እናቷ ይተኛሉ፣ በወዲህ እንግዳ ይቀመጣል። ከመስኮቱ ትይዩ የተሰነጠቀ መስታወት ሰቅላ የከሰዓቱን ፀሐይ እስከ አልጋው ታደርሰው ነበር። ጎረቤት እያየ «ለእኛም ሥሪልን» ማለት ጀመረ። በኋላ ተማረችበት፣ ኢንቴሪየር ዲዛይነር ተባለች።

ዘመን ተለውጦ ሆቴልና ሎጅ ሲበዛ ፋታ አጣች። ደንበኛው ከዱባይ የመጣ ምንጣፍ በስልኩ ሲያሳያት ዝም ብላ ታየውና ይዛው ወደ መንዝ ትወጣለች። የበጉ ፀጉር በደጋን ሲነደፍ፣ ሴቶቹ ሲፈትሉ፣ ሸማኔው ሲሠራ ታሳየዋለች። ቀለም አታስነክርም። የበጉ ጥቁር፣ ቡኒና ነጭ ይበቃል ባይ ነበረች። የጓሳ ሣር ሲያስፈልጋት ደግሞ ችግር ነው። ሣሩ የሚበቅልበት የመንዙ ጓሳ በማኅበረሰቡ ስምምነት ተዘግቶ ከርሞ ነው የሚታጨደው። እስኪፈቀድ ደንበኛዋን ታስጠብቃለች። ተናዶ የሄደም አለ። «ይሂድ» ነው መልሷ።

በምርጫ ሰሞን ስሟን ፈልገው የመጡም ነበሩ። «ቢሯችሁን ላሳምርላችሁ፣ ፓርቲያችሁን ግን አልችልበትም» ብላ ቡና አጠጥታ ሸኘቻቸው። አያታችን ቢሰሙ ይቆጡ ይሆን ይስቁ፣ እኛ ልጆቿ እስካሁን አልተስማማንም።

እናንተ የመንዝ ሸማኔዎች፣ የእማዬን ሳጥን በእጃችሁ በሠራችሁት ባና አልብሳችሁ ሌላ ጨርቅ አላስነካችሁም። ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሳጥኑን ለማንም አልሰጣችሁም። እኛንም ጨምሮ። ካህናት አባቶቻችን፣ ፍትሐቱን በዚያ ብርድ ሳታጓድሉ አድርሳችኋል። የእድር እናቶች፣ ንፍሮው ሳይጎድል፣ ድንኳኑ ሳይራቆት ሰንብታችኋል። ከውጭ አገር የደወላችሁ ዘመዶች፣ እማዬ እያለች እንደዚህ ብትደውሉ ኖሮ ደስታዋ ነበር። ቢሆንም እናመሰግናለን።

አሁን አንድ ጉዳይ አለ። የእማዬ የሒሳብ ደብተር እጃችን ላይ ነው። ቀሪ ክፍያ ያላችሁ ሸማኔዎች፣ ፈታዮችና አናጢዎች ስማችሁ በእጇ ተጽፎ ተቀምጧል። በመጪው የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ስለምንገኝ መጥታችሁ ተቀበሉ። ሁለት ሰዎች ግን «ባለ ነጭ በጉ» እና «የሞላሌው ረጅሙ» ተብለው ብቻ ነው የተመዘገቡት። ራሳችሁን ታውቃላችሁና እንዳትቀሩብን።

ልጆቿ