ሯጭ ተማሪዎቻችን ክረምቱን በትምህርት ጉዞ ቢያሳልፉ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ የስፖርት ገጽ አትሌቶቻችን ከውጭ አገር ስላመጡት ሜዳሊያና ስላስመዘገቡት ሰዓት ዘወትር እናነባለን፤ ደስታውም የሁላችን ነው። ስለሄዱበት አገር ምን አውቀው እንደተመለሱ ሲጠየቁ ግን አላየሁም። ቢጠየቁም ብዙዎቹ የሚሉት ጥቂት እንደሆነ፣ በአዳማ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት በእጄ አልፈው ለውድድር ወደ ውጭ ከሄዱ ልጆች ተረድቻለሁ። ጉዟቸው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ መሮጫው፣ ከመሮጫው መልሶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ብዙ አገር የረገጠ ልጅ ብዙ የሆቴል ክፍል አይቶ ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሯጭ የሆነ ተማሪ ከውድድር የሚያርፍባቸውን ወራት በሌላ አገር፣ በክፍል ውስጥና በሰው መካከል ተቀምጦ እየተማረ የሚያሳልፍበትን መንገድ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ክለቦቻችን እንዲያበጁ ለመጠየቅ ነው።

ጉዳዩን በቅርብ ያየሁት በወንድሜ ልጅ ነው። እዚሁ አዳማ ተወልዳ፣ የንፋስ ማመንጫዎቹ ከቆሙበት ኮረብታ ሥር ባለው የአፈር መንገድ ሮጣ ያደገች ልጅ ስትሆን፣ አሁን በሩጫዋ ባገኘችው የነፃ ትምህርት ዕድል በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በዚያ አገር የረጅም ርቀት ሯጭ የሆነ ተማሪ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ፋታ የለውም፤ ትምህርት ሲከፈት አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ ውድድር፣ ከዚያም እስከ ሰኔ የሚዘልቅ የመም ውድድር ይከታተልበታል። ሌሎች ተማሪዎች አንድ መንፈቅ ሙሉ ሌላ አገር ሄደው ሲማሩ ሯጩ ከቡድኑ መለየት ስለማይችል የሚቀረው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው። የወንድሜ ልጅ ያለፈውን ዓመት ሐምሌ ሮም ላይ ታሪክ በመማር አሳልፋዋለች። አሠልጣኟ የልምምድ ፕሮግራሟን ጽፎ ሰጣት፤ ማለዳ ሀሩሩ ሳይበረታ ትሮጣለች፣ ከዚያ ክፍል ትገባለች፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ መምህራቸው ተማሪዎቹን አስከትሎ ከተማውን በእግር ያዞራቸዋል።

በቴሌግራም ትልክልኝ ከነበሩት የድምፅ መልእክቶች አንዱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በሮም ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ በተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። «ጋሼ፣ በየቀኑ የማልፍበት አደባባይ በዶጋሊ ለሞቱት የተሰየመ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አለችኝ። እኛ ዶጋሊን የምንማረው በድልነቱ ነው፤ መማርም ይገባናል። ያቺ ልጅ ግን የድላችንን ሌላ ፊት በሐዘን ተቀርጾ አየችው፤ የክፍል ጓደኞቿም ጣሊያኖቹ እዚያ ባሕር ዳርቻ ምን ይሠሩ እንደነበር ከእሷ አፍ ሰሙ። በዚያ ክፍል ውስጥ ራስ አሉላ ማን እንደነበሩ ማስረዳት የቻለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለማስረዳት ስትነሳ ደግሞ የምታውቀው ለፈተና ያጠናችውን ያህል ብቻ መሆኑ ስለታወቃት ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ስትመለስ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ዘመኑ የተጻፉ መጻሕፍት ተውሳ አነበበች። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ስለ አገሩ ይጠየቃል፤ ለመመለስ ሲልም አገሩን እንደገና ያጠናል። አንድ ሳምንት ለውድድር የሄደን ሯጭ ግን ይህን የሚጠይቀው ሰው የለም።

ታሪካችንን ያገኘችበት ሁለተኛው የሮም ቦታ ፖርታ ካፔና የተባለው አደባባይ ነው። ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው፣ ሲታቀድ ግን ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የነበረው ሕንፃ የሚገኘው እዚያ ነው። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. አገሩ የገባው ሐውልታችን እስኪነቀል ድረስ የቆመው በዚሁ ሕንፃ ፊት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ላይ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ችቦ የያዙ ወታደሮች በሚያበሩለት የአፒያ መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በዚህ ሐውልት አጠገብ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት ወጣ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የለም። የወንድሜ ልጅ ግን አንድ ማለዳ በዚያው መንገድ ስትሮጥ የአፒያን ድንጋዮች ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ የዘመናት ጋሪ ያለሰለሳቸው፣ በመካከላቸው እግር የሚያስገባ ክፍተት ያለባቸው ትላልቅ ጥቁር ድንጋዮች ናቸው፤ የእሷ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ከዳር ይታያል። ለክፍል ሥራዋ የዚያን ዕለት ውጤት ስታገላብጥም አበበ ዋቅጅራ የተባለ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰባተኛ መውጣቱን አገኘች። እኛ አገር ስሙን የሚጠራለት ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ሁለቱን አበበዎች አብሬ አነሳለሁ።

ጉዞ የሚያስተምረው ታሪክን ብቻ እንዳይመስል ስለ ውኃ ልጨምር። በሮም ጎዳናዎች ዳር ቀንና ሌሊት የመጠጥ ውኃ የሚያፈሱ አጫጭር የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ጠጪው አፍ ይወነጨፋል። ገንዘብ አይከፈልበትም፣ የሚጠብቀውም ሰው የለም። ሯጭ ጠርሙስ ሳይዝ በዚያ ሙቀት ረጅም ልምምድ መሥራት ይችላል። «አዳማስ ስንት ልጅ በፀሐይ ይሮጣል፣ ለምን በየመንገዱ አንድ ሁለት ቧንቧ አይኖርም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄውን ለቀበሌያችን ስብሰባ አቅርቤዋለሁ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ ሯጭ ወደ ባሕር ጠለል ወርዶ ሲሮጥ ትንፋሹ እንደሚቀለው፣ እርጥበት ያለው ሙቀት ግን ጉልበቱን እንደሚበላው ከመጽሐፍ አስተምራለሁ፤ እሷ በሳምንታት ውስጥ በሰውነቷ አወቀችው፤ የልምምድ ሰዓቷንም በዚያው ልክ አስተካከለች።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ጉንፋን ይዟት ፋርማሲ ስትሄድ፣ በዚያ ሰሞን በተማረችው ጣሊያንኛ ባለሙያዋን ስለ መድኃኒቱ ይዘት ጠይቃ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውንም ራሷ አንብባ አንዱን ትታ ሌላውን ገዛች። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች በውድድር ወቅት የተከለከሉ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች አሉባቸው፤ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ አላወቅኩም ማለት አያድነውም። ከዚህ ጋር የማነጻጽረው አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ነው። ልጁ ለጎዳና ሩጫ ውጭ ሄዶ፣ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ ፈረመ፤ ካሸነፈው ሽልማት ግማሽ ያህሉ ለወኪሉ እንደሚቆረጥ የተረዳው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነበር። ፈጣን ልጅ ነው፤ ሰነፍም አይደለም። ውል እንዴት እንደሚነበብ፣ ያልገባን ነገር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ባዕድ አገር ላይ በማን ፊት ቆሞ «ቆይ፣ አልገባኝም» ማለት እንደሚቻል ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም። እሱ የሄደባቸው ጉዞዎች ከእሷ ይበዛሉ፤ የአንዲት ከተማን ገበያ፣ ትምህርት ቤትና ፋርማሲ ለማወቅ የሚበቃ ጊዜ ግን በአንዱም አላገኘም።

ለተማረ ሰው የጉዞን ዋጋ አገራችን ድሮም ታውቀዋለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አስነብበዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ ብዙ የከተማ ልጅ አገሩን ያየው በዚያ ነው። አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ኦኒ ኒስካነን ራሳቸው ከስዊድን መጥተው እዚህ የኖሩ ሰው ነበሩ። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሀሰንም በልጅነቷ በስደት ኔዘርላንድ ገብታ ሩጫን የጀመረችው የነርስነት ትምህርት እየተማረች ሳለ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ስታጠልቅ እዚህ ከተማ ውስጥ ቡና ቤት ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር። ስደትን ለማንም አልመኝም። ትምህርትና ሩጫ በባዕድ አገር አብረው መሄድ እንደሚችሉ ግን የእሷ ሕይወት ያሳያል።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ የሆኑ አሠልጣኞች ልጆቹ ከቡድን ተለይተው ከከረሙ ብቃታቸው ይወርዳል ይላሉ። ከውድድር በኋላ ሰውነት እረፍት እንደሚያስፈልገው እነሱው የሚያስተምሩት ነው፤ ፕሮግራም ተሰጥቶት የሚሮጥ ልጅ የትም ቢሆን ይሮጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ ልጆቹ እዚያው ይቀራሉ የሚለው ነው፤ ይህ እውነተኛ ስጋት ስለሆነ አላቃልለውም። ለአንድ ውድድር ተብለው ሄደው የቀሩ ልጆች ግን በየዓመቱ አሉ፤ ለዚያ ተብሎ ውድድር አልቀረም። ዩኒቨርሲቲው ቦታውን የሚጠብቅለት፣ ሲመለስ የሚቆጠርለት ትምህርትና የሚቀጥል ውድድር ያለው ተማሪ የመመለሻ ምክንያት አለው፤ ይህን ምክንያት መፍጠር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ቪዛና ገንዘብ ከሁሉም የከበዱ ናቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ አሜሪካ የሚማር ልጅ ሮም ለመሄድ የጣሊያን ቪዛ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ወደ ትምህርቱ የሚመለስበትንም ቪዛ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ የወንድሜ ልጅም በዚህ ብዙ ተጉላልታለች።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከሮም እንዲጀመር አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ሞይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት የኤልዶሬት አካባቢና 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ኢተን ከሞያሌ ማዶ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ዓለም ሁሉ አየ፤ የሁለቱ አገር ወጣት ሯጮች ግን አንዱ የሌላውን ቤት፣ ምግብና ትምህርት ቤት አያውቅም። ከአዳማ ጥቂት ሯጭ ተማሪዎች ሐምሌን እዚያ እንግሊዝኛና የስፖርት ሳይንስ እየተማሩ፣ ከእነሱም ጥቂቶች እዚህ መጥተው ቢከርሙ ወጪው ለአንድ ቡድን የአውሮፓ ጉዞ ከሚወጣው ያነሰ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ይህም ካልተቻለ በአገር ውስጥ ይጀመር። እዚህ ሠልጥነው የሚሮጡ፣ ግን ጎንደርን ወይም ጅማን ያላዩ ልጆች አሉኝ። ሆኖም የሚሄዱት ለጉብኝት ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ሲደርሱ የሚያስተምራቸው መምህር፣ ሲመለሱ የሚያቀርቡት የጽሑፍ ሥራ፣ በውጤታቸውም ላይ የሚያዝላቸው ነጥብ ሊኖር ይገባል። ሮም የከረመችውን ልጅ ያተረፋት ይህ ነው፤ በየዕለቱ የሚጠይቃትና የምትጽፍለት መምህር ነበራት።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ይህን ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ኃላፊዎችና ለአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ አቅርባችሁ መልሳቸውን በጋዜጣችሁ ብታወጡልን፣ የሚመጣው ሐምሌ ሳይደርስ እኛ መምህራንም ልጆቻችንን ለምን እንደምናዘጋጅ እናውቅ ነበር። ከአዳማ በኩል ለመተባበር ዝግጁ የሆንን አሠልጣኞችና መምህራን አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከአዳማ